ከስምንት እጁ ለርግብ

ሐሉማ ጡረታ ብትወጣም ዓይኗ ጡረታ አልወጣም ነበር። የሥራ ዘመኗን የጨረሰችው ወደ ሊቢያ በሚያሳልፈው ኬላ ላይ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ቆማ ሴቶችን በመፈተሽ ነው። በቀሚስ ሥር የተጠመጠመ ሲጋራ፣ በሕፃን መጠቅለያ ውስጥ የተሸጎጠ ወርቅ፣ እርጉዝ ነኝ ብላ የሻይ ቅጠል ታቅፋ የምትንገዳገድ ሴት፣ ያላየችው ጉድ የለም። አዲስ ለሚመጡ ፈታሾች ሁልጊዜ የምትነግራቸው ነገር ነበራት። "ፊቷን ተዉት፤ ፊት መዋሸት ይማራል። እጇን እዩ። የደበቀ ሰው እጁ ሳያውቀው ወደ ደበቀው ነገር ይሄዳል።"

በቱኒዚያዋ የባሕር ዳር ከተማ በዛርዚስ ውስጥ ይህን ጠባይዋን የማያውቅ አልነበረም። ዓሣ ሻጩ ገና ከሩቅ ሲያያት ዓሣውን ገልብጦ ይጠብቃታል። "ሆዱ ባዶ ነው ሐሉማ፣ ወላሂ ምንም አልደበቀም" ይላታል። እሷ ግን ራሷ ደግማ ትገለብጠዋለች።

ባሏ ሙንጂ የዓሣ አጥማጆችን የጀልባ ሞተር ሲጠግን የኖረ፣ ረጅም፣ ትከሻው የጎበጠ፣ ከሞተር ጋር እንጂ ከሰው ጋር ማውራት ያልሆነለት ሰው ነበር። አንዲት ልጃቸው ረውዳ ተድራ ስፋክስ ከተማ ትኖራለች። የሙንጂ አንድ ወንድም፣ ታናሹ ቲጃኒ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ የወይራ እርሻ ውስጥ ይኖራል፤ ግን ከረውዳ ሠርግ ወዲህ ደጃቸውን ረግጦ አያውቅም። ለምን እንደሆነ በቤቱ ውስጥ አይነሳም። ቁስል ነው፣ ሽሯል ተብሎ የተተወ።

ጥርጣሬው የጀመረው በመኪናዋ ነው። ግቢያቸው ውስጥ ከሎሚው ሥር አንዲት የፔጆ ፒክአፕ አለች። የስንቱን ሞተር ያስነሣው ሙንጂ የራሱን ማስነሣት አቅቶት እዚያው ከቆመች ዘመናት አልፈዋል። ባትሪዋን ግን ይንከባከበዋል። በዚያ ዓመት በጋ ሙንጂ አዲስ ልማድ አመጣ፤ ምሳ በልቶ እጁን ሲታጠብ ወደ ፒክአፗ ይሄዳል፣ በሩን ከውስጥ ይዘጋል፣ መስኮቱን ወደ ላይ ጠምዝዞ ይዘጋል፣ ይቀመጣል። በዚያ አገር ፀሐይ በምትከርርበት በሐምሌ። ውሻ እንኳ ምላሱን ጎልጉሎ ጥላ በሚፈልግበት ሰዓት።

"እዚያ ምድጃ ውስጥ ገብተህ ምን ታደርጋለህ?" አለችው አንድ ቀን።

"ሬዲዮ እሰማለሁ።"

"ሬዲዮ ወጥ ቤትም አለ።"

"የወጥ ቤቱ አይስብም።"

"የቱን ነው የማይስበው?"

"የጣሪያውን" አለ ሙንጂና ሄደ።

የጣሪያው ሬዲዮ የሚባለው ድሮ ፎቶ ቤት ከነበረው ሕንፃ አናት ላይ፣ ልብስ በሚሰጣበት ጣሪያ ላይ በተቀለሰች ክፍል ውስጥ ያለ ጣቢያ ነው። የራሱ ስም አለው፤ ማንም ግን በስሙ አይጠራውም። ከከተማው ዳር ሲያልፉ ይጠፋል፣ ንፋስ ሲበረታ ያጓራል። ዜና የለውም፣ ክርክር የለውም፤ ያለው የድሮ ዘፈን ነው። ብቻውን የሚያሠራው በአክብሮት ሲ ዙህየር የሚባል ከፖስታ ቤት ጡረታ የወጣ ሰው ሲሆን፣ ካሴቶቹን የለቀመው ከየሰዉ ሣጥን ነበርና አንዳንዱ ዘፈን መሐል ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ሕፃን ያለቅሳል፣ ወይም አንድ ሰው "ኧረ በሩን ዝጉት" ይላል። ከተማው ይህንን ይወደው ነበር። ጸጉር ቤቱ፣ መረብ የሚጠግኑት፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ሁሉም እሱን ነው የሚከፍተው። ሽማግሌዎች ያንን የሚንጫጫ ካሴት ሲሰሙ ዓይናቸው ውሃ ያቀርራል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት ነው። ሰው ይደውልና ለሌላ ሰው ዘፈን ይልካል። በስም አይደለም፤ በትንሽ ከተማ ስም ከጠሩ ማታውን ሙሉ ያስወራል። "ከቀዩ በር ለጥቁሯ ጫማ" ይባላል፤ "ከደከመው ነጂ ለማትመለሰዋ" ይባላል። ከዚያ ከተማው ቡናውን እየጠጣ ማን ለማን እንደሆነ ይገምታል። ግማሹን ያገኘዋል፣ ግማሹን ይፈጥረዋል።

ሐሉማ ሙንጂ በወጣበት የወጥ ቤቱን ሬዲዮ አበራች። ጣቢያው ጥርት ብሎ ገባ። የጓዳውን በር ዘግታ ሞከረች፤ አሁንም ጥርት ያለ ነው። እንዲያውም ከጎረቤት ዶሮ ጩኸት የተሻለ ይሰማል።

"ዋሸኝ" አለች ለራሷ። የሚገርመው ብዙም አልደነገጠችም። አንድ የቆየ ነገር ከእንቅልፉ የነቃባት መሰላት፤ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና አንዲት ሴት "ምንም የለኝም" ስትላት የሚሰማት ዓይነት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ባሏን እጁን እያየች ዋለች። እጁ ደግሞ እንደ ማንኛውም የደበቀ ሰው እጅ ሆኖ ተገኘ፤ ምሳ እየበላ ወደ ሸሚዙ ኪስ ይሄዳል፣ ነካ አድርጎ ይመለሳል። ኪሱ ውስጥ ያለችው ያቺ ቁልፏ የተላጠ አሮጌ ስልክ ናት። ሲታጠብ ጠብቃ አነሣቻት። ወደ አንድ ቁጥር ብቻ በተደጋጋሚ ተደውሎባታል። በሰፈሩ ሱቅ ስልክ ያንኑ ቁጥር ስትሞክር ከወዲያ በኩል የወንድ ድምፅ "የጣሪያው ነው፣ ለማን እንላክልዎ?" አላት። ዘጋችው።

እንግዲህ ባሏ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ "እወድሻለሁ" የሚል ቃል ከአፉ ያልወጣ ሰው፣ ለአንድ ሰው ዘፈን ይልካል።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ የወጥ ቤቱን ሬዲዮ ዝቅ አድርጋ ከፍታ፣ በመስኮቱ ብረት በኩል ፒክአፗን ታይ ጀመር። ሙንጂ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ብዙም ሳይቆይ ሲ ዙህየር በዚያ ጎርናና ድምፁ፣ "ይሄ ደግሞ ከስምንት እጁ ለርግብ ነው። ልማዳችሁ ነው፣ ቀጥሉ" አለ።

ስምንት እጁ ኦክቶፐስ ነው፤ የአገሩ ዓሣ አጥማጅ በሸክላ ማሰሮ የሚያጠምደው። ሙንጂ ራሱን እንዲህ ብሎ መጥራቱ አስደነቃት። ግን ያቺ ርግብ ማን ናት? ዘፈኑ ደግሞ በሩቅ ስለቀረ ሰው ነበር፤ ባሕሩ ጠቦ መንገዱ ስለሰፋበት። መኪናው ውስጥ ሙንጂ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ፣ የሚነዳ ይመስል ፊት ፊቱን ያያል።

ጥቂት ቀናት ሰማች። አንዳንዴ ከስምንት እጁ ለርግብ፣ አንዳንዴም ከርግብ ለስምንት እጁ። መልስ አለ ማለት ነው። የባሰውም ይሄ ነው።

ከግድግዳው ማዶ የምትኖረው ዘሂያ ባሏ የሞተባት፣ ጣሪያዋ ላይ ርግብ የምታረባ ሴት ነበረች። ሐሉማ ይህን ለማሰብ ብዙም አልደከመችም። ሙንጂ ባለፈው ክረምት የዘሂያን የውሃ ፓምፕ ሠርቶ ማቅሩድ የሚባል የቴምር ጣፋጭ ሳህን ሙሉ ተሸክሞ መመለሱ ትዝ አላት። ማቅሩዱ ጣፋጭ ነበር፤ አሁን ስታስበው ከመጠን በላይ ጣፋጭ ነበር። በዚያው ሳምንት ዘሂያ ቃሪያ ስትለምናት "አልቋል" አለቻት፤ ቃሪያው ግን ከበሩ በላይ ተሰክቶ እንደ ዶቃ ይንጠለጠል ነበር። ዘሂያ ቀና ብላ አየችውና ሄደች።

በመጨረሻ ሐሉማ ልክ በዘፈኑ ሰዓት የዘሂያን በር አንኳኳች።

"ምን እግር ጣለሽ?" አለች ዘሂያ ሽንብራ እየለቀመች።

"ሻይሽ ናፍቆኝ።"

"የኔ ሻይ? የዕቃ እጣቢ ነው ስትዪ አልነበር?"

"እጣቢም ይናፍቃል" አለች ሐሉማና ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። የዘሂያ ሬዲዮም በጣሪያው ላይ ነበር። ሐሉማ ዓይኗን ከዘሂያ እጅ አልነቀለችም። እጇ ሽንብራውን ይለቅማል፣ ጠጠር ይጥላል፣ ይለቅማል። ስልኳ በሩ አጠገብ ቻርጅ ላይ ተሰክቷል።

"ምን ታፈጫለሽ? ቀለበት የሰረቅሁ ይመስል።"

ሐሉማ ጆሮዋን ወደ ሬዲዮው አዘነበለች፤ ሲ ዙህየር መናገር ጀምሮ ነበርና። "አሁን የደወለልን ርግብ ነው፤ ለስምንት እጁ።" ዘሂያ ጠጠር ወረወረች። ስልኩ በሩ አጠገብ ነው። እጇ ሽንብራ ውስጥ ነው።

ሐሉማ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀች፤ ዘሂያ ያንን ሰማችው። ሴት ናትና ከትንፋሹ ተነሥታ፣ ወደ ቃሪያው ተመልሳ፣ ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰበሰበችው።

"ቆይ ቆይ። ሙንጂን ነው? ከኔ ጋር?"

"ማን ሙንጂ አለ?"

"ሐሉማ፣ እኔ አንድ ዝምተኛ ቀብሬያለሁ። ሁለተኛ ዝምተኛ ምን ላደርገው? ማታ ማታ ከርግቦቹ ጋር ላሰፍረው?" ዘሂያ እስክታስላት ሳቀች። "ስምንት እጁ እሱ ነው በይኛ። ጉድ ነው። እኛ እኮ ዳቦ ጋጋሪው ነው ብለን ጨርሰናል።"

"ለማንም ብትነግሪ…"

"ሂጂ ወዲያ። ግን ከጠየቅሽኝ ሰዉ ርግቧን ሴት አይላትም። ዙህየር ራሱ 'የደወለልን ርግብ ነው' ነው ያለው፤ አልሰማሽም?"

ሰምታ ነበር፤ ጆሮዋ ግን የሚፈልገውን ብቻ ነው የያዘው።

በማግስቱ ሐሉማ ካሏት ልብሶች ሁሉ የከበደውን ለብሳ የፎቶ ቤቱን ደረጃ ወጣች። ጣሪያው ላይ አንሶላዎች ተሰጥተው ይንቀለቀላሉ። በመካከላቸው አልፋ የክፍሊቱን በር ስትገፋ ሲ ዙህየር በካሴት ተከቦ፣ እግሩን በፕላስቲክ ሳፋ ውሃ ውስጥ ነክሮ አገኘችው።

"ሐሉማ እባላለሁ" አለች።

"አውቅዎታለሁ። እናቴን ፈትሸዋታል" አለ እግሩን ሳያወጣ።

"ምን አገኘሁባቸው?"

"ምንም።"

"እንግዲያው ጥሩ ሴት ነበሩ።"

"እሷ ግን እስክትሞት ቂም ይዛብዎት ነበር። 'ያቺ ሴት እንደ ዶሮ ገለባበጠችኝ' ትል ነበር። ይቀመጡ፣ ወይዘሮ ሐሉማ።"

ሐሉማ ቆማ ቀረች። "ርግብ ማን ነው?"

ሲ ዙህየር ካሴት ገለበጠ። "ይሄን የሚጠይቁኝ እርስዎ የመጀመሪያዋ አይደሉም። ፖስታ ቤት ሆኜ የሰው ደብዳቤ አልከፈትኩም፤ አሁንም አልከፍትም። ሰው እዚህ የሚደውለው ስሙን በር ላይ አውልቆ ነው። እንደ ጫማ።"

"የሰው ባል ከሆነስ?"

"የሰው ባልም ጫማ አለው።"

ሌላ ነገር ልትለው አፏን ስትከፍት ስልኩ ጮኸ። ሰውየው ሁለቱም እጆቹ ካሴት ይዘው ስለነበር በክርኑ ድምፅ ማጉያውን ተጫነው። ከወዲያ በኩል መጀመሪያ የተሰማው ቃል አልነበረም፤ ትንፋሽ ነበር። በአፍንጫ ተስቦ፣ ሆድ ድረስ ወርዶ፣ እዚያ የተያዘ ረጅም ትንፋሽ። ሐሉማ ወደ ድምፅ ማጉያው ዞረች። እንደዚያ የሚተነፍስ በዚያ አገር አንድ ሰው ብቻ ነው የምታውቀው፤ ዕድሜውን ሙሉ ዙክራ የሚሉትን የሠርግ መለከት የነፋ፣ ሰላም ለማለትም እንደሚነፋ አየር የሚሞላ ሰው።

"ስማኝማ ሲ ዙህየር" አለ ቲጃኒ። "ከርግብ ለስምንት እጁ በልልኝ። ያቺን የመርከበኛውን።"

ሐሉማ አሁን ተቀመጠች።

የረውዳ ሠርግ ቀን እንዲህ ነበር የሆነው። ሙሽራው የስፋክስ ልጅ፣ ቤተሰቡ የከተማ ሰው ነው። ሐሉማ ባለ ትልልቅ ድምፅ ማጉያ ዘፈን አጫዋች ልጅ ከዚያው ከስፋክስ አስመጥታ ነበር። ቲጃኒ ደግሞ ማንም ሳይጠራው፣ አጎት ነኝ ብሎ፣ ነጭ ጀባ ቀሚሱን ለብሶ፣ ሁለት ከበሮ መቺ ጓደኞቹን አስከትሎ፣ ዙክራውን በደረቱ አቅፎ መጣ። የገበሬና የግመል ነጂ ሠርግ የሚያሞቅ ነገር በከተማ እንግዶች ፊት ሊነፋ ነው። ሐሉማ አዳራሹ በር ላይ እንደ ኬላው ቆመች። "ዛሬ አይሆንም ቲጃኒ፤ ሌላ ቀን" አለችው። ሙንጂ ከኋላዋ ነበር፤ ጫማውን ያይ ነበር። ቲጃኒ ሁለቱንም አየ፣ ከበሮ መቺዎቹን በዓይኑ ጠቀሰ፣ ዞሮ ሄደ። የእንግዳ መስተንግዶ ነበርና ማንም አልተከተለውም።

"ውሃ ልስጥዎት?" አለ ሲ ዙህየር።

"አልፈልግም" አለች፤ ግን ጠጣችው።

ሌላ ሴት አለመኖሯን ማወቅ ያሳርፋት ነበር፤ አላሳረፋትም። አዲስ ጥርጣሬ ተወለደ። ሁለት ወንድማማቾች ከጀርባዋ በዘፈን ይነጋገራሉ፤ ስለ ማን ነው የሚነጋገሩት? ወጥ ቤት ሆና የሚላከውን ሁሉ መፈተሽ ጀመረች። የተዘጋ በር የሚል ዘፈን ሲመጣ ያ የአዳራሹ በር ነው አለች። መርዛም ምላስ የሚል ሲመጣ የኔ ናት አለች። አንድ ቀን ቲጃኒ ስለ መራራ ሬት የሚዘፈን ላከ፤ ያን ማታ ሙንጂ ሾርባውን ሲቀምስ ፊቱን በትኩረት አየችው።

"ጨው አንሶታል?" አለች።

"ኧረ ደህና ነው።"

"መራራ ነው?"

ሙንጂ ማንኪያውን አስቀመጠ። "ሾርባ ምን ብሎ ይመራል?"

ሁለት ሳምንት እንዲህ ተብሰከሰከችና በመጨረሻ መኪና ተሳፍራ ወደ ወይራው ወጣች። ዘንቢሏ ውስጥ ዓሣ ይዛለች። የቲጃኒ ቤት አንድ ክፍልና አንድ በረንዳ ናት፤ ሚስት አላገባም፣ "ዙክራዬ ሁለተኛ ትንፋሽ አትፈልግም" ይል ነበር። ከሩቅ ሲያያት መግረዣውን ይዞ ከዛፉ ወረደ። ጸጉሩ ነጭ ሆኗል።

"ማን ሞተ?" አለ።

"ማንም አልሞተም።"

"ታዲያ አንቺ ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?"

"ዋርሳዬን ልጠይቅ መጣሁ።"

ቲጃኒ ዘንቢሏን አየ። "ክፈቺው።"

"ምን?"

"ክፈቺዋ። ልፈትሽ። እጅሽንም አሳዪኝ።"

ሐሉማ ዘንቢሏን ከፈተች። ቲጃኒ ጎንበስ ብሎ ዓሣዎቹን አንድ በአንድ ገለበጠ፣ ጉሮሯቸውን አየ፣ ለማሽተት አፍንጫውን አስጠጋ። ከዚያ "እለፊ" አላት።

በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ሻዩን ሲያንቆረቁር እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የዙክራ ቀዳዳ የሚደፍን እጅ አይመስልም። ሐሉማ ይቅርታ መጠየቅ አታውቅበትም፤ በሥራዋም አልተጠየቀባትም።

"ያን ቀን በሩ ላይ…" ብላ ጀመረች። "የከተማ ሰዎች ነበሩ። ልጄን ይንቁብኛል ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"እኔ ባልመልስህ ኖሮ ወንድምህና አንተ…"

"አንቺን አልተቀየምኩም" አለ ቲጃኒ። "አንቺ መቼም በር ካየሽ ትቆሚበታለሽ፤ ፍጥረትሽ ነው። እኔ የተቀየምኩት እሱን ነው። 'ወንድሜ ነው፣ ይግባ' ማለት ስንት ቃል ነው? ቆጥሪው። እሱ ጫማውን ያይ ነበር።"

ሐሉማ ያንን ሁሉ ጊዜ በራሷ ትከሻ የተሸከመችው ጥፋት የሌላ ሰው ሆኖ ሲገኝ መደሰት ይሁን መናደድ አላወቀችም። መናደዱ ትንሽ ይበልጥ ነበር።

"ታዲያ በሬዲዮው?" አለች።

ቲጃኒ ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ማን ነገረሽ?"

"ማንም። ትንፋሽህን ሰማሁ።"

ከዚያ ስሞቹ ከየት እንደመጡ ነገራት። ልጅ ሆኖ ከወይራ መጭመቂያው ጣሪያ ላይ እበራለሁ ብሎ ዘሎ ትከሻውን ሰብሮ ነበር፤ ከዚያ በኋላ እናቱ "ርግቤ" ትለው ነበር። ሙንጂን ደግሞ ቀሚሷን አልለቅ ስለሚል "ስምንት እጁ" ትለው ነበር። እናታቸው የሞተችው ሐሉማ ወደ ቤቱ ከመምጣቷ በፊት ነው። "በዚህ በጋ መግቢያ ዛፍ እየገረዝኩ፣ ሬዲዮው ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ፣ 'ከስምንት እጁ ለርግብ' ሲል ሰማሁ። ይህንን ስም የሚያውቅ በምድር ላይ አንድ ሰው ነው የቀረው። ከዛፉ ልወድቅ ነበር፣ ሐሉማ። ሁለተኛ እበራለሁ ብዬ።"

"ዓርብ ለምሳ ና" አለች ሐሉማ።

"እሱ ልኮሽ ነው?"

"አያውቅም።"

ቲጃኒ በጥርጣሬ አያት፤ ግን መጣ።

ምሳው ጥሩ አልነበረም። ኩስኩሱ መልካም ነበር፣ ዓሣውም መልካም ነበር፤ ሰዎቹ ናቸው ያቃታቸው። ሙንጂ በሩን ከፍቶ ወንድሙን ሲያይ ገርጥቶ "ግባ" አለ፤ ከዘመናት በፊት ሊለው ይገባ የነበረውን ቃል። ከዚያ ወዲያ ስለ ወይራ ዝንብ አወሩ። ስለ ጥርስ ሕመም አወሩ። ስለ ማይሠራው የፔጆ ሞተር ትንሽ ተከራከሩ። ከምሳ በኋላ የዘፈኑ ሰዓት ሲደርስ ሁለቱም የግድግዳውን ሰዓት አዩ፣ ሁለቱም ዓይናቸውን ሰበሩ። ሬዲዮውን የከፈተ የለም። ቲጃኒ ተነሥቶ "አላህ ያክብራችሁ" ብሎ ሄደ።

"ማን ጠራው?" አለ ሙንጂ በሩ ሲዘጋ።

"እኔ።"

"ለምን?"

"ወንድምህ አይደለም?"

"አንቺ ዝም ብለሽ ሰው አትጠሪም።" አሁን እሱ ነበር እጇን የሚያየው። "ምን ሰምተሽ ነው?"

"ምን የሚሰማ ነገር አለ?" አለች ሐሉማ። እንደዚያ ዓይነት ውሸት ስትሰማ ኖራለች እንጂ ለሙንጂ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሬዲዮው ላይ ስምንት እጁም ርግብም ጠፉ። አንድ ሳምንት፣ ከዚያ ሌላ ሳምንት። ሙንጂ ምሳ ከበላ በኋላ ፒክአፗ ጋ አይሄድም፤ ግቢው ውስጥ ብሎን እየለየ ይውላል። ከተማው ሳይቀር ነገሩን አስተዋለው። ዘሂያ በግድግዳው ላይ አንገቷን አውጥታ "ምን አድርገሻቸው ነው?" አለቻት። ሲ ዙህየር ራሱ አንድ ቀን ከዘፈን በፊት "ስምንት እጁ፣ ደህና ነህ? ሰው እየጠየቀኝ ነው" አለ። ሐሉማ ሬዲዮውን ዘጋችው። ሁለት ሰዎች በስንት መከራ በቀደዱት ቀዳዳ ሲነጋገሩ እሷ በሩን ልክፈት ብላ ቀዳዳውን የደፈነችው መሰላት።

በመጨረሻ አልቻለችም። ብሎን እየለየ ሳለ አጠገቡ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

"ሙንጂ። ሬዲዮውን አውቃለሁ።"

"ማወቅሽን አውቃለሁ" አለ ቀና ሳይል። "ሾርባ ይመራል ወይ ያልሽኝ ቀን ነው ያወቅሁት።"

"ታዲያ ለምን ተውከው? ታርቃችሁ የለ?"

ሙንጂ አንድ ብሎን በጣቱ አሽከረከረ። እንደዚያ ረዘም አድርጎ ሲናገር ሰምታው አታውቅም። "ቲጃኒ ዓርብ ዕለት ሲመጣ ፊቱን አየሁት። አርጅቷል። እጁ ይንቀጠቀጣል። በሬዲዮው አላረጀም ነበር፣ ሐሉማ። ዘፈኑ ሲመጣ እሱ ያ ከጣሪያ የዘለለው ልጅ ነው፣ እኔም የእናቴን ቀሚስ ይዣለሁ። አሁን ስልኩን ሳነሣ የሚመጣብኝ ያ የሚንቀጠቀጠው እጅ ነው።"

ሐሉማ ብዙ ነገር ከሰው ጉያ አውጥታለች፤ መልሶ ማስገባት ግን ተምራ አታውቅም።

"እጁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ወይራውን ማን ይለቅምለታል?" አለች።

ሙንጂ ቀና አለ።

ኅዳር ላይ ሦስቱም የቲጃኒ እርሻ ነበሩ። መጀመሪያ ቀን ወንድማማቾቹ ከተለያየ ዛፍ ነው የጀመሩት፤ ሁለተኛው ቀን ሙንጂ መሰላሉን የቲጃኒ ዛፍ ላይ አስደገፈ፣ ቲጃኒ መሰላሉን ያዘለት። ሐሉማ ከሥር ተነጥፎ ባለው መረብ ላይ ተቀምጣ ቅጠሉን ከፍሬው ትለያለች። ሬዲዮው እንደ ልማዱ ቅርንጫፍ ላይ ተሰቅሏል፤ እዚያ ድረስ ሲመጣ ግማሹ ዘፈን ግማሹ ንፋስ ነው። ወንድማማቾቹ ስለ ሠርጉ አላወሩም፤ ወደፊትም የሚያወሩ አይመስሉም። አልፎ አልፎ ግን ዙህየር አንድ አሮጌ ዘፈን ሲከፍት ቲጃኒ ከሥር ያንን ረጅም ትንፋሹን ይስባል፣ ሙንጂ ከላይ ወይራ የሚያረግፍበትን ማበጠሪያ ያቆማል፤ ዘፈኑ እስኪያልቅ ወይራ አይወርድም።

"እነሆ ከተረሳችው ጃንጥላ ለሁለተኛው ፎቅ" አለ ሲ ዙህየር አንድ ከሰዓት በኋላ።

ሐሉማ እጇን ከወይራው አነሣች። "ሁለተኛ ፎቅ። ከፋርማሲው በላይ ያለው መሆን አለበት። እዚያ የሚኖረው ሂሳብ መምህሩ ነው። ሚስቱ ደግሞ ጃንጥላ የላትም፤ ባለፈው ዝናብ በፌስታል ነበር የተሸፈነችው።"

"ሐሉማ" አለ ሙንጂ ከላይ።

"ዝም ብዬ ነው። ግን የማን ጃንጥላ ነው ማለቴ ነው።"

"የወንድሜ ሚስት" አለ ቲጃኒ መሰላሉን እንደያዘ፣ "ቅጠሉን ልቀሚ።"

ሐሉማ ቅጠሉን ለቀመች። ከተማ ስትመለስ ግን በፋርማሲው በኩል ዞራ ማለፏ አልቀረም።